የወንዝ ዳር ደንብ ማን ያውጣው?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ወንዝ ዳር ነው፤ ማን ይጠቀምበት፣ እንዴት ይጠቀምበት፣ ሥርዓቱንስ ማን ይወስን በሚለው ላይ። የውሃ ዳር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ልማት፣ ወደ ወዳጅነት ፓርክ ወይም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር አበባ የተተከለበትና መግቢያው ላይ ትኬት የሚቆረጥበት የውሃ ዳር የለም። ያለው ሌላ ነው፤ እንስራና ጀሪካን ይሞላበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ቦይ ይጠለፍበታል፣ አሸዋ ይዛቅበታል፣ ልጆች ይዋኙበታል፣ ጥር 10 ቀን ታቦት ይወርድበታል። በአገልግሎት ብዛት ከተባለ ይህ ከማናቸውም የከተማ መናፈሻ የሚበልጥ የሕዝብ ቦታ ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው ለዚህ ቦታ የጎደለው አዋጅ አይደለም ብዬ ነው። አዋጁማ ሞልቷል። የጎደለው ውሃውን በየቀኑ የሚያዩት ሰዎች ተስማምተው ያወጡት፣ በደፈናው «አትንኩ» ከማለት «በዚህ ቦታ፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ መጠን» የሚል የአካባቢ ደንብ ነው።

አስቀድመን አገሩን እንመልከት። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ የዚህ አካባቢ ወንዞች መነሻ ነው። ጉማራና ርብ ከጉና ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በምሥራቅና በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ ደግሞ ገደላገደሉን ይዞ ከፊሉ በበሽሎ በኩል፣ ከፊሉ በቀጥታ ዓባይ ውስጥ ይወድቃል። በሽሎ በዚህ በኩል ጎንደርን ከወሎ ይለያል፤ ዓባይ ስማዳንና እስቴን ከጎጃም ይለያል። እንዲህ በወንዝ የተከበበ አገር በበጋ ውሃ ፍለጋ ሩቅ የሚኬድበት አገርም ነው። የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲዘረጋ ጋይንትና ስማዳ ከተካተቱት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ አካባቢ የተተረተ ይመስላል። ትልቁ ወንዝ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚሄድ ለደጋውና ለወይና ደጋው ሰው የሚደርሰው ትንሹ ገባር፣ ምንጩና ጅረቱ ነው። ክረምት ሲገባ ሞልቶ ሰው የማያሻግረው ጅረት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ይሆናል። ያቺን ኩሬ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈልጋታል። ደንብ የሚያስፈልገውም ለዚያ ወቅት ነው፤ ውሃ በተረፈበት ሰዓት ማንም ከማንም አይጣላም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም በአገሪቱ ያለው ውሃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ይኸው አዋጅ ለቤት ፍጆታ የሚውለውን ውሃ ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። በእጅ ጉድጓድ ለሚቆፍር፣ በባህላዊ መንገድ መስኖ ለሚያጠጣና ከብት ለሚያረባ፣ የውሃ ወፍጮ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ግን ስለ ወንዝ ዳር የተጻፈው ነው፤ ተቆጣጣሪው አካል ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጋር ተመካክሮ የወንዝ ዳርን ወሰን ሊከልል፣ በተከለለውም ውስጥ ዛፍና ቁጥቋጦ መመንጠርን፣ መኖሪያ ቤት መሥራትን ሊከለክል ይችላል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይል ነበር። አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች በማኅበር እንዲደራጁ መንገድ ከፍቷል። እንግዲህ ሕግ የለም የሚል ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ቢያነብ ሐሳቡን ይለውጣል።

ነገር ግን በውሃ ሀብት አዋጁ ስለ ወንዝ ዳር የተጻፈውን «ሊከልል ይችላል» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉት። ይችላል ማለት ይከልላል ማለት አይደለም። ቢከልልስ? በወረዳ ከተሞቹ፣ በወገዳ ወይም በአርብ ገበያ ወይም በመካነ ኢየሱስ፣ ጽሕፈት ቤት ያለው ባለሙያ፣ ምንም ያህል ትጉ ቢሆን፣ በየሸለቆው ያለውን ጅረት ሁሉ ሊደርስበት አይችልም። አዋጁ የቤት ፍጆታ ይቅደም ይላል፤ ከብቱ ስንት ሰዓት ላይ ወደ ውሃው እንደሚወርድ፣ ልብስ አጣቢዎቹ ከመቅጃው በላይ ይሁኑ ወይስ በታች፣ የሞተር ፓምፕ ያለው ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ ስቦ ኩሬውን ቢያደርቀው ማን እንደሚጠይቀው ግን አይናገርም። መናገርም የለበትም። የአገር አዋጅ መርሑን ያስቀምጣል፤ ሰዓቱንና ቦታውን የሚያውቀው ግን ውሃው አጠገብ ያለው ሰው ነው። በዚህ መካከል የተተወው ክፍተት ባዶ አይቀመጥም፤ ጉልበት ያለው፣ ፓምፕ ያለው፣ መሬቱ ከወንዙ ጋር የሚዋሰን ይሞላዋል።

ቦታ የሚለው ነገር ተራ መስሎ ከታየን አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ያዩትን እናስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ነገር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዛት አስተዋሉ። ከዚያ ምልከታ የተነሣው ምርምር በዓለም የታወቀ ሆነ፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ተረጋገጠ። ለሳይንቲስቱ ይህ የመድኃኒት ፍንጭ ነበር። ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ወንዝ ላይ አንዱ የሚያደርገው ከእርሱ በታች ያለውን ሕይወት ይነካል፣ ከበላዩ ያለውን ግን አይነካም። እንዶድ በዱቄት ሳሙና ከተተካ ወዲህ ወደ ውሃው የሚገባው ነገር ተለወጠ እንጂ የአወራረዱ ሕግ አልተለወጠም። ስለዚህ መቅጃው ከላይ፣ የከብት መጠጫው ከእርሱ በታች፣ ማጠቢያው ከሁሉም በታች ይሁን የሚል አንዲት አረፍተ ነገር ብር ሳይወጣባት ብዙ ተቅማጥ ታስቀራለች። ይህን አረፍተ ነገር አዲስ አበባ ላይ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ በየመልካው ድንጋይ ተክሎ ማመልከት ነው የሚያስፈልገው።

ጊዜ የሚለውን ደግሞ ከዓሣው እንማር። ጣና ውስጥ ዓሣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሏቸው ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ በርካታዎቹ ለመራባት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብና በሌሎችም ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ገባር ላይ ነው። ማለትም ባሕር ዳር ገበያ ላይ ከምናየው ዓሣ አንዳንዱ የሚወለደው ከጉና በሚወርደው ውሃ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በመረብ የሚካሄድ የንግድ ማስገር ተጀመረ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 ያለውን ሲያነጻጽሩ የነጭ ዓሣው ክምችት ወደ 75 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሎ አገኙት። አንዱ ትልቅ ምክንያት ዓሣው ሊራባ በወንዝ አፍና በወንዙ ውስጥ ሲሰበሰብ ጠብቆ ማጥመዱ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣን አደንዝዞ መያዝም በእነዚሁ ወንዞች የታወቀ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዓሣ አታጥምዱ የሚል ሕግ ማንም አይቀበለውም፤ ልክም አይሆንም። በእነዚያ አራት ወራት፣ ዕንቁላል በሚጣልባቸው ገባሮች ላይ ብቻ መረብ አይዘርጋ፣ ብርብራ ደግሞ መቼም የትም አይበተን የሚል ደንብ ግን ለሰሚው ግልጽ፣ ለጠባቂውም ቀላል ነው።

እዚህ ላይ የእስቴ ገበሬ «ባሕር ዳር ለሚበላ ዓሣ እኔ ለምን ዘበኛ እሆናለሁ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሥነ ምግባር ትምህርት ይልቅ በጥቅም መመለስ ይሻላል። ብርብራ የተበተነበት ኩሬ በማግሥቱ ከብት የሚጠጣበት፣ ልጅ የሚቀዳበት ኩሬ ነው። ለዓሣው ዕንቁላል የሚያስፈልገው ጠጠርና ንጹሕ ውሃ የሚገኘው የወንዙ ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ሲኖረው ነው፤ ያው ሣርና ቁጥቋጦ ጎርፉ ማሳውን ቆርሶ እንዳይወስደው ይይዛል። እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ያረሰ ሰው አንድ ሁለት ትልም ያተርፍና በጥቂት ክረምት ውስጥ ከትልሙ ጋር ዳሩንም ያጣል። ይህን ካልኩ በኋላ ግን የጥያቄው ሌላ ገጽ እውነት መሆኑን አልክድም። ከላይ ያለው ሲጠብቅ ከታች ያለው ብቻ የሚያተርፍበት ነገር አለ፤ ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ስሙ የተነሣው የሐይቁ ነው፤ አፈሩን የሚይዘው ገበሬ ግን ጉና ላይ ነው ያለው። እንቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ሐይቁን ለማዳን የተደረገው ጥሪ አገር ያንቀሳቀሰ ነበር። ከዚያ ጉልበትና ገንዘብ የተወሰነው ወደ ላይኛው ተፋሰስ ቢወጣ፣ ችግኙን ለሚተክለውና ዳሩን ለሚተወው ሰው በመኖ ዘር፣ በችግኝ፣ በቀን አበል ቢከፈል ፍትሕ ነው እላለሁ።

ደንብ የሌለበት ውሃ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለማየት ከአገር መውጣት አያሻም። ሐረር ለብዙ ዓመት ውሃ ትቀዳ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። ሐይቁን ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይስበዋል፣ ከተማው ይስበዋል፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ይሞላዋል። ሁሉም ጥቂት ወሰደ፤ ማንም ጠቅላላውን አልቆጠረም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሐይቁ ደረቀና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ኋላ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ ግን በመድረቁ የደረሰውን ጉዳት ማንም አልካሰም። ሐረማያ ላይ አንድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የነበረው ሁሉም ልክ ነኝ ብሎ የሚያስብበት፣ ልኩን የሚያገናኝ ደንብ ግን የሌለበት ሁኔታ ነው። የእኛን ጅረቶች ልዩ የሚያደርጋቸው መጠናቸው ማነሱ ነው። ሐይቅ ለመድረቅ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ጅረትን ሁለት ፓምፕ በአንድ ሳምንት ያደርቀዋል።

«ለእግዜር ውሃ ምን ደንብ ያሻዋል?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የማከብረው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ውሃ የሁሉም ነው ከሚል እምነት የመጣ ነው። መልሱ እዚሁ ባህላችን ውስጥ አለ። በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ባለበት በብዙ ቦታ የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ። ቦዩ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፣ ተራ ያወጣል፣ ተራውን የዘለለውን ይቀጣል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል። ማንም ከመንግሥት አልሾመውም፤ ተጠቃሚው ይመርጠዋል፣ ሲያጠፋም ይሽረዋል። ውሃው የእግዜር መሆኑ ተራ እንዳይኖር አላደረገም። ጥምቀተ ባሕሩንም አስቡት። ጥር 10 ታቦታት ወርደው የሚያድሩበት ያ የወንዝ ዳር በየደብሩ የታወቀ፣ ሰው ቤት የማይሠራበት፣ የማይታረስ ቦታ ነው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው በዓሉን ነው፤ በዓሉን ያቆየው ግን ቦታውን ሳያስነኩ ያቆዩ ሰዎች ደንብ ነው። የወንዝ ዳር መናፈሻ የሚባለው ነገር አዲስ ፈጠራ መስሎ ይቀርብልናል እንጂ እኛ ዘንድ በየአጥቢያው ነበረ።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከ1,000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ባለ አገር በቀል ደን ይታወቃሉ። እነዚህን ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከቀሳውስቱና ከምእመኑ ጋር ሆነው ደኖቹን በድንጋይ ካብ የማጠር ሥራ አስጀምረዋል። ካቡ ከብት ያግዳል፤ ከዚያ በላይ ግን ወሰን ያሳያል። የወሰን መታየት ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው የማያየውን መስመር አለማክበሩ አይገርምም። የወንዝ ዳሩ ወሰንም በወረቀት ላይ በሜትር ከተጻፈው ይልቅ በድንጋይ ክምር፣ በቀርከሃ ወይም በሰንበሌጥ መስመር ቢታይ ይከበራል። ባሕር ዛፍ ግን ለዚህ አይሆንም። ብዙ ውሃ የሚጠጣውን ባሕር ዛፍ በወንዝ አፋፍ ላይ የተከለ ሰው በበጋ ምንጩ ሲነጥፍ ለምን ብሎ መገረም የለበትም።

ሌላው ተቃውሞ ከተማረው ወገን የሚመጣ ነው፤ የጋራ የሆነ ነገር መጨረሻው መጥፋት ነው፣ ወይ ለግለሰብ ይሰጥ ወይ መንግሥት ይጠብቀው የሚል። ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ስሙ በታወቀ ጽሑፍ አስፋፍቶታል። ከእርሱ በኋላ ኤሊኖር ኦስትሮም ዓለምን ዞረው በጋራ የሚተዳደሩ ግጦሾችን፣ ደኖችንና መስኖዎችን አጥንተው ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ወሰኑ ከታወቀ፣ ተጠቃሚው ራሱ ደንቡን ካወጣ፣ ተቆጣጣሪው ከተጠቃሚው ከሆነና ቅጣቱ ከትንሽ እየጀመረ ከፍ ካለ የጋራ ሀብት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል አሳዩ። በስፔኗ ቫሌንሲያ ገበሬዎች የመረጧቸው የውሃ ዳኞች በየሐሙሱ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ተቀምጠው፣ ያለ ጠበቃ፣ በቃል ብቻ ሙግት ይሰማሉ። ይህ ሥርዓት ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚቀመጡ የጋይንት ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ እንግዳ አይሆንባቸውም።

የራሳችን ምሳሌ ደግሞ መንዝ ላይ አለ። የመንዝ ሰዎች 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ አባ ቄራ የሚባለው አለቃ ቀን ቆርጦ ይከፍተዋል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ደንብ አውጥቶ ኮሚቴ መሠረተ፤ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አሮጌው ደንብ ሲፈርስ ባዶ ቦታ ከመቅረቱ የተነሣ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከፋ፣ እንዲሁም የፈረሰ ደንብ እንዳለ ተመልሶ እንደማይቆም። በቀድሞው ሥርዓት ርስት የሌለው ድርሻ አልነበረውም፤ አዲሱ ያንን መለወጥ ነበረበት።

ስለዚህ የውሃ አባትን ሥርዓት ሳወድስ እንከኑን መሸፈን አልፈልግም። የውሃ አባቱ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ውሃ የምትቀዳው ግን ሴት ናት። መስኖ ያለው ገበሬ በስብሰባው ይቀመጣል፤ መሬት የሌለው፣ አሸዋ ዝቆ የሚያድር ወጣት ግን አይጠራም። እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚያወጣው ደንብ ማን ላይ እንደሚከብድ መገመት አያቅትም። መሬት የሌላቸው ወጣቶች «አሸዋውን ከከለከላችሁን ምን እንብላ?» ቢሉ ክልከላውን አንብቦ መመለስ ግፍ ነው። አሸዋ ከድልድይና ከመሻገሪያ ርቆ፣ ከመቅጃ በታች፣ በበጋ ብቻ፣ በየዓመቱ ቦታውን እየለዋወጡ እንዲዛቅ መወሰን ይቻላል። የተዛቀውን ክረምት መልሶ ያመጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ያለ እረፍት የተዛቀ ወንዝ ግን ወለሉ ይጎደጉዳል፣ ዳሩም ይናዳል። ይህን ደንብ አብረው ያወጡት ወጣቶች ይጠብቁታል፤ ሳይጠሩ የተወሰነባቸው ግን ሌሊት ይዝቃሉ።

ቅጣትን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው የብሩ መዳረሻ ላይ ነው፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው። መቀጮው ለዘበኛው ኪስ ከሆነ ደንቡ ንግድ ይሆናል። ወዴት እንደገባ በየወሩ ለሰው ከተነገረ፣ ለመቅጃው ግንብ ወይም ለቦዩ ጥገና ከዋለ ግን ተቀጪው ራሱ ያየዋል። በከተማ ያለው ነገር እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጠናል። አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክሉትን በገንዘብ የሚቀጣ ደንብ አውጥታለች፤ የትንሹና የትልቁ አቃቂ ውሃ ቆሽሾ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲወርድ ለኖረ ከተማ ዘገየ እንጂ ልክ ነው። ይሁንና ያ ደንብ የወጣው ለከተማ ነው። ያንኑ የቅጣት ዝርዝር ወስዶ ልብስ በምታጥብ የስማዳ እናት ላይ ማዋል ሕግን መሳለቂያ ያደርገዋል። የመግቢያ ክፍያም እንዲሁ ነው፤ ወዳጅነት ፓርክ ለመግባት ይከፈላል፣ ለጥገናው ገንዘብ ያስፈልገዋልና ይሁን። የንፋስ መውጫም ሆነ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ነገ የወንዝ ዳር መናፈሻ ለመሥራት ቢነሣ ግን ጀሪካን ይዛ የምትወርደው ልጅ መንገድ በአጥር እንዳይዘጋ ከመጀመሪያው ቀን መጻፍ አለበት።

አንድ የጊዜው ጥያቄ ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቆየው የትጥቅ ግጭት የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችን ሥራ በብዙ ቦታ አስተጓጉሏል። በዚህ መካከል ስለ ወንዝ ዳር ደንብ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? እኔ በተቃራኒው አስባለሁ። ባለሙያው መውጣት ባልቻለበት፣ ፍርድ ቤቱ ባልተቀመጠበት ጊዜም ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ ከብት ይጠማል፣ ሁለት ጎረቤት በቦይ ተራ ይጣላል። ከላይ የሚጠበቅ ደንብ እንዲህ ባለ ጊዜ ይቆማል፤ መልካው ላይ የሚኖር ሰው ያወጣው ደንብ ግን መኪና አይጠብቅም። የጽሑፉ ቅጂ በቀበሌውም፣ በደብሩም፣ በውሃ አባቱም እጅ ቢቀመጥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። ሰላም ሲወርድ ደግሞ ወረዳው ያንኑ አይቶ ማኅተም ሊያደርግበት ይችላል፤ ውሃ ተጠቃሚዎች መደራጀት እንደሚችሉ ሕጉ ራሱ ስላወቀው ከአዋጁ ጋር የሚያጣላ ነገር የለውም።

የአካባቢ ደንብ ድክመቱ ወንዝ ከቀበሌ ወሰን የሚያልፍ መሆኑ ነው፤ ይህን ድክመት በሽሎ ላይ እንደማየት የሚያስረዳ ነገር የለም። የስማዳ ቀበሌ አሸዋ ከመሻገሪያው ርቆ ይዛቅ ብሎ ቢወስን፣ ማዶ ያለው የወሎ ቀበሌ ግን እዚያው መሻገሪያው ሥር ቢዝቅ፣ ጉድጓዱ የሚውጠው ከሁለቱም ወገን የሚሻገረውን ነው። ክረምት ላይ ከላይ ዘንቦ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ እዚህ ያለው ልጅ ከውሃው እንዲወጣ ቢጮኽለት፣ ማዶ ያለው ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በሽሎንና ዓባይን የሚመለከተው ደንብ ሲወጣ የሁለቱም ዳር ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና አሸዋ አውጪዎች አብረው ይቀመጡ። ለስብሰባው አዲስ አዳራሽ አያስፈልግም፤ ከሁለቱ ወገን የሚመጣው ገበያተኛ በበጋ የሚገናኝበት መልካ ይታወቃል። ወንዙን መሻገር በሚቻልበት ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢደረግ ሁሉም ይደርሳል።